በሦስትና በአምስት መካከል ስለጠፋችው ብልቃጥ

ይድረስ ለተከበሩ ዶክተር ዱዋን፤ ከወንዙ ማዶ ላለው ሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣ እንዲሁም ለታካሚዎች መልካም ስሜት ኮሚቴ ሰብሳቢ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ፣ በታይናን ከተማ ከመቅደሱ በር ፊት ለፊት የዓሣ ሾርባ የምሸጠው ፋን ሹሜይ፣ ባሕሩን የምትጠብቀው እመቤት ትመስገን፣ በጣም ደኅና ነኝ፤ ባለቤቴም ከዚህ በታች በማስረዳዎ ምክንያት ከትናንት በስቲያ ጀምሮ ደኅና ብቻ ሳይሆን ተሳዳቢም ሆኗል። ለእርስዎም ጤናዎ እንደ ሆስፒታልዎ ሊፍት ይሁንልዎ ብዬ እመኛለሁ፤ ከሦስተኛ ፎቅ ተነሥቶ፣ በመካከል አንዳች ክፉ ነገር ሳይነካው፣ አምስተኛ ላይ ከች የሚል ጤና ይስጥልኝ።

በዚህ ወር በሁለተኛው ቀን ፈርመው የላኩልኝ ደብዳቤ ትናንት ደርሶኛል። ፖስታው ወፍራም፣ ማኅተሙ ክብ፣ ቃሉ ማር ነው። «በስድስት ታካሚዎች የመረከቢያ ወረቀት ላይ በቀይ ቀለም ገደቢስ ምልክት በመጻፍ የታካሚዎችን መልካም ስሜት ስላወኩ» በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ አዘውኛል። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አልፌ ያልሄድኩ ሴት ነኝና በዕድሜዬ በጽሑፍ ይቅርታ እንድጠይቅ ያዘዘኝ ሰው አልነበረም፤ ክብሩ ቢበዛብኝ እንቅልፍ አጣሁ። ደስታን ደግሞ ለብቻ መብላት ነውር ስለሆነ ይቅርታዬን ግልጽ አድርጌዋለሁ። አንዱ ቅጂ ለእርስዎ፣ አንዱ ለከተማችን ጋዜጣ፣ አንዱ ደግሞ በሾርባ ቤቴ ግድግዳ ላይ ከምግብ ዝርዝሩ ጎን ተለጥፏል። ሰው ሾርባው እስኪቀርብለት ድረስ የሚያነበው ነገር ያስፈልገዋል።

ነገሩን ከሥሩ ላልሰሙት አንባቢዎች ስል በባለቤቴ ልጀምር። ባለቤቴ ኮ ቲየንዋንግ አንጀት የለውም። ይህን ስል ጨካኝ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዛሬ አምስት ዓመት አንጀቱ እንደ ገመድ ተጠማዞ ሞተበትና የእርስዎ ሐኪሞች፣ እጃቸው ይባረክ፣ ይህን ያለ አንዳች ተንኮል ነው የምለው፣ ቆርጠው አወጡለት። የቀረለት አንድ ክንድ ቢሆን ነው። እህል በዚያች አጭር መንገድ ሮጦ ያልፋል እንጂ ገላ አይሆንም፤ ስለዚህ ምግቡ ከከረጢት ተነሥቶ ደረቱ ላይ በተተከለች ቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ደሙ ይገባል። ጠዋት ቱቦውን ስነቅልለት ልብሱን ለብሶ ወደ ሾርባ ቤቱ ይመጣል። ሥራው አንድ ማንኪያ ናት። ከድስቱ አንድ ማንኪያ ያነሣል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልለዋል፣ ከዚያ ይሰድበኛል። «ዝንጅብሉን በአካፋ ነው የጨመርሽው?» ይላል። «ይህ ዓሣ የትናንት ነው፣ እኔን አታታልይኝ» ይላል። ሰዎች ሠላሳ ዓመት ሙሉ የፋን ሹሜይ ሾርባ እያሉ የሚያሞካሹት፣ እውነቱን ለመናገር፣ የባለቤቴ ምላስ ነው። ሆድ ባይኖረውም ምላስ ነበረው፤ በዚያች ምላስ ከሰው እኩል ሰው ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬና ወደ አቤቱታዬ። እንደ ወረቀትዎ በቁጥር አድርጌዋለሁ።

አንደኛ። ስለ ሮዙ ወረቀት ከልብ አመሰግናለሁ። በየሳምንቱ ረቡዕ ጠዋት፣ በቱቦ የሚመገብ ሰው ያለብን ስድስት ቤተሰቦች በመድኃኒት ቤቱ መስኮት ፊት ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረን የሳምንቱን ቀለብ እንቀበላለን። ድሮ የሚሰጠን የመረከቢያ ወረቀት ፎቶ ኮፒው የደበዘዘ፣ ጥርሱ እንደ ረገፈ ሽማግሌ የሚያስፈራ ነገር ነበር። በዚህ ዓመት በአንደኛው ወር መጀመሪያ ላይ ግን የእርስዎ ኮሚቴ ተቋቋመና አዲሱ መጣልን። ወረቀቱ ሮዝ ነው፤ በአናቱ ላይ የምትስቅ ኤሊ ተሥላበታለች፤ ከኤሊዋ በታች «ረጅም ዕድሜ ለእርስዎ» ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ አራት ቁጥር የለበትም። አራት በእኛ ዘንድ የሞት ቁጥር እንደሆነች ጡት ያልጣለ ሕፃን ያውቃል። ሆስፒታላችን አራተኛ ፎቅ የለውም፣ አራት ቁጥር አልጋ የለውም፣ ታዲያ በሽተኛ እጅ ላይ የሚገባ ወረቀት ስለምን አራት ቁጥር ይኑረው? ወረቀቱን አይቼ «ምን ያሉ አሳቢ ሰዎች ናቸው!» ብዬ ለባለቤቴ አሳየሁት። እሱም ኤሊዋን አይቶ «ይህቺን ቀቅለሽ እንዳታቀርቢ» አለኝ። ያኔ ገና ቀልዱ አላለቀም ነበር።

ሁለተኛ። በመስኮቱ ላይ ያስቀመጡልንን አቶ ዬንን ስለ ትክክለኛነቱ አመሰግናለሁ። በዚያው ረቡዕ ዕቃዬን ስቆጥር ትንሿ ብልቃጥ አልታይ አለችኝ። ከትንሿ ጣቴ የማትበልጥ የመስታወት ብልቃጥ ናት፤ ለእያንዳንዱ ቀን አንዳንድ፣ በሳምንት ሰባት ትሰጠን ነበር። አንገቷን ቀጭ አድርገን ሰብረን፣ በመርፌ ስበን፣ ከረጢቱ ውስጥ እንጨምራታለን። ምን እንደያዘች ግን፣ እግዜር ያሳይዎ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ስሰብራት ጠይቄ አላውቅም።

«አቶ ዬን፣ ትንሿ ብልቃጥ ቀረችብኝ» አልኩት።

«የትኛዋ ብልቃጥ እትዬ?»

«ያቺ አንገቷን የምንሰብራት።»

«ወረቀቱ ላይ አለች?»

«እኔ ምን አውቄ! ወረቀቱ የእናንተ፣ ባሉ የእኔ ነው።»

«እንግዲያው አብረን እንቁጠራ፣ ከዚያ አትቆጪኝም» አለና መነጽሩን አደረገ። «አንድ፣ የምግብ ከረጢት፣ ይኸው። ሁለት፣ ቱቦና መርፌ፣ ይኸው። ሦስት፣ ቢጫው ቫይታሚን፣ ይኸው። አምስት፣ የማጽጃ ጨርቅ፣ ይኸው። ምን ጎደለ?»

በጣቴ ቆጠርኩ። ምንም አልጎደለም።

ክቡር ዳይሬክተር፣ በሌላ አገር ቢሆን አንድ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪ እንኳ ብድግ ብሎ «አራት የታለ?» ባለ ነበር። እኛ ግን ዕድሜያችንን ሙሉ በሊፍት ከሦስት ወደ አምስት የምንዘል ሰዎች ነን። የእኔው ሾርባ ቤት ጠረጴዛዎች እንኳ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ስድስት ተብለው ነው የተቆጠሩት። ጉድለቱ ዓይናችን ሥር ቁጭ ብሎ ሳለ ጨዋነት መስሎን እጅ ነሣነው። አቶ ዬንም ሳይሳሳት ቆጠረ፣ እኔም ሳልሳሳት ተቀበልኩ፤ እንዲህ ባለ ትክክለኛነት ሰው ሲጎዳ ያየሁት ገና አሁን ነው።

ሦስተኛ። ባለቤቴን «ዕድሜ ነው» ላሉት ሐኪምዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ነገሩ የጀመረው ወረቀቱ ሮዝ ከሆነ በአምስተኛው ሳምንት ግድም ነው። አንድ ቀን ጠዋት ማንኪያውን አነሣ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ከዚያ ገለጠውና አየኝ።

«አንቺ፣ ሾርባው የታለ?»

«አፍህ ውስጥ!»

«ይህማ የታጠበ ድስት ውሃ ነው።»

ተናደድኩ፣ ግን ጨው ጨመርኩ። በማግስቱም «ውሃ ነው» አለ፤ ጨመርኩ። በሦስተኛው ቀን «እጅሽ አርጅቷል፣ ከእንግዲህ ዓሣውን ሽጠሽ ሾርባውን ተይው» አለኝ። የዚያን ቀን ጨውን በጭልፋ ነው የጨመርኩት። ባለቤቴ አሁንም ውሃ ነው ሲል፣ ደንበኞቼ ግን ከጉድጓድ የወጡ ያህል ውሃ ይለምኑ ጀመር። ከመቅደሱ በር የሚቆመው ታክሲ ነጂ በሰው ፊት «እትዬ ሹሜይ፣ ዛሬ ዓሣውን ከነባሕሩ ነው እንዴ የቀቀልሽው?» ብሎ አዋረደኝ። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለበለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል ይባላል፤ እኔ ጋ ጨዉ ጣፍጦ ጣፍጦ ሊገድለን ነው፣ ባለቤቴ ምላስ ላይ ግን ድንጋይ ነው።

በዚህ ቢያበቃ የባልና ሚስት ጠብ ነው ብለን በተውነው ነበር። አላበቃም። በአፉ ዙሪያና በጣቶቹ መካከል ቀይ ሽፍታ ወጣ፤ ዓሣ ሲያጸዳልኝ ጣቱን የነካችው ትንሽ ጭረት ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ ሦስት ሳምንት አልድን አለች፤ ትራሱ ላይ ፀጉሩን እንደ ሣር እየለቀምኩ ማንሣት ጀመርኩ። ወደ ሐኪምዎ ስወስደው ወረቀት ላይ ዕድሜውን አይተው፣ ስልሳ አንድ ነው፣ «እንግዲህ ዕድሜ ነው፣ ምላስም ያረጃል» አሉን፤ ቅባት ሰጡን። ባለቤቴ በማግስቱ ማንኪያውን አጥቦ፣ አድርቆ፣ መደርደሪያው ላይ ሰቀላትና «ከእንግዲህ አትቀስቅሺኝ» አለኝ። ጠዋት ለመነሣት ምክንያት የሆነችው ያቺ ማንኪያ ብቻ ነበረች። ስድብ የለመደች ሴት ዝምታ ሲመጣባት ምን እንደምትሆን ለእርስዎ ለማስረዳት ትምህርቴ አይበቃም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሾርባዬን ክፉ ያለልኝ ሰው አልነበረም።

አምስተኛ። የድሮውን አስቀያሚ ወረቀት በደበዘዘ ቀለም፣ ግን በጠንካራ ወረቀት ላይ ስላባዙልን ምስጋናዬ ይድረስዎ። መርፌዎቹን የማስቀምጥበትን መሳቢያ ላጸዳ ዕቃውን ሳወጣ፣ ከሥሩ ያነጠፍኩት እሱ ወረቀት ነበር። ልጥለው ስጨማድደው ዓይኔ ቁጥሮቹ ላይ አረፈ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። «አራት፦ ጥቃቅን ማዕድናት፣ በየቀኑ አንድ ብልቃጥ፣ እንዳይዘለል።» እንዳይዘለል የሚለው በወፍራሙ ተጽፏል። ሮዙን ከጎኑ ዘረጋሁት። ኤሊዋ ትስቅብኛለች።

ድስቱን ለጎረቤት አደራ ብዬ በሞተር ብስክሌቴ ስበር፣ ሽርጤን እንኳ አልፈታሁም። ከሕንፃው ሥር የምግብ ከረጢቶቹን የምታዘጋጀዋን ፋርማሲስት ወይዘሪት ቱን አስጠራኋት። ሁለቱን ወረቀቶች አየች፤ ፊቷ እንደ ሩዝ ነጣ።

«እትዬ፣ ብልቃጧን ከመቼ ጀምሮ ነው ያልሰጡሽ?»

«ወረቀቱ ሮዝ ከሆነ ጀምሮ።»

ወንበር ሳትፈልግ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ያስረዳችኝን፣ አቶ ዬን የጻፈልኝ እስኪመስል ድረስ በትክክል አስቀምጣለሁ። ብልቃጧ የያዘችው ዚንክ፣ መዳብ፣ ሴሌኒየምና ሌሎችም ናቸው፤ መጠናቸው ተሰብስቦ በጣት ጫፍ ከሚጣበቅ ጨው ያነሰ ነው። ጤነኛ ሰው ከዓሣውም፣ ከሩዙም፣ ከቅጠሉም ሳያውቀው ይበላቸዋል። «ያንቺ ባል ግን» አለች፣ «ከከረጢቱ ያላገኘውን ነገር ከየትም አያገኘውም። ዚንክ ሲያልቅበት ምላሱ ይሞታል፣ ቆዳው ይቆስላል፣ ቁስሉ አይገጥምም፣ ፀጉሩ ይረግፋል። ሴሌኒየሙ ከቆየ ደግሞ ልብ ላይ ይመጣል።»

«ዚንክ ማለት ቆርቆሮ የሚለበጥበት? ባሌ እኮ ጣሪያ አይደለም!» አልኳት፤ ስፈራ እቀልዳለሁ።

«ጣሪያም ያለሱ ይዝጋል እትዬ» አለችኝ።

ደሙ ተመረመረ፤ ዚንኩ ወለል ላይ ነበር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ባለቤቴ በልዩ ትእዛዝ፣ በነጭ ወረቀት፣ ብልቃጧን እያገኘ ነው። መጀመሪያ ሽፍታው ደረቀ። ከዚያ የጣቱ ጭረት ገጠመች። ከትናንት በስቲያ፣ ማለትም እርስዎ የእኔን ደብዳቤ በሚፈርሙበት ጠዋት፣ ሳልቀሰቅሰው መጣ። ማንኪያዋን ከመደርደሪያ አወረደ። ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ፊቱ ቀልቶ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው ልትገድዪ ነው? ጨው በዝቶበታል!»

ጭልፋዬን ጥዬ፣ በተሰለፉት ደንበኞች ሁሉ ፊት፣ የተራቆተውን አናቱን ስሜ አለቀስኩ። ታክሲ ነጂው «እንግዲህ እንባሽንም ጨምሪበት» አለ። ይበል። ሠላሳ ሦስት ዓመት በትዳር ስኖር እንደዚያ ያለ ጣፋጭ ቃል ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ተደስቼ ቤቴ መቀመጥ ይገባኝ ነበር፤ ኮሚቴዎም ይህን ሳይጠብቅ አልቀረም። ችግሩ አግዳሚው ነው። አግዳሚው ላይ ከእኔ ሌላ አምስት ቤተሰቦች አሉ፤ የእነሱ ወረቀት ዛሬም ሮዝ ነው። ወይዘሪት ቱ በዚያው ቀን ለበላዮቿ አመልክታ ነበር፤ የተሰጣት መልስ፣ የታካሚ ወረቀት የሚለወጠው በኮሚቴው ውሳኔ ብቻ እንደሆነ፣ ኮሚቴው ደግሞ በአራተኛው ወር እንደማይሰበሰብ፣ ጉዳዩ ለአምስተኛው ወር እንደተላለፈ ነው። ይህን ስሰማ ለጥንቃቄያችሁ ያለኝ አክብሮት ጣሪያ ነካ። ቁጥሯን ከወረቀት ብቻ ሳይሆን ከቀን መቁጠሪያም ላይ ዘላችኋታል።

እናም ባለፈው ረቡዕ የዕለቱን ዓሣ ስም በሰሌዳ ላይ የምጽፍበትን ወፍራም ቀይ ብዕር ይዤ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ነገሩን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ከዚያ በእያንዳንዱ ወረቀት ላይ፣ የእኔን የቀድሞ ሮዝ ወረቀትም ጨምሮ፣ በሦስትና በአምስት መካከል «4፣ ብልቃጧ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ነው እንግዲህ ወንጀሌ።

ሚስታቸውን የሚያስታምሙት አባባ ሬን ወደ ጎን እንትፍ እንትፍ አሉ። «አንቺ ልጅ፣ ወረቀቴ ላይ ሞትን ትጽፊብኛለሽ?»

«ሞት እንደሆነ አልጻፉኝም ብሎ አይቀርም፣ አባባ። ይልቅ የእማማ ተረከዝ እንዴት ሆነ?»

ቁስሉ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ተከፍቶ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ወረቀታቸውን ራሳቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉት።

ልጇን የምታስታምመው እትዬ ጂን ደግሞ «ለእኔ ሁለት ጊዜ ጻፊልኝ፣ ደመቅ አድርገሽ!» አለች። «የልጄ ፀጉር በማበጠሪያ አለቀ። እኔ እኮ ሻምፑው ነው ብዬ ሦስት ዓይነት ቀየርኩባት።»

ስድስታችንም ተነሥተን መስኮቱ ጋ ሄድን። አቶ ዬን የመጀመሪያውን ወረቀት ተቀበለ፣ መነጽሩን አደረገ፣ በለመደው ዜማ ጀመረ። «አንድ፣ ይኸው። ሁለት፣ ይኸው። ሦስት፣ ይኸው።» ከዚያ ቀዩ ላይ ደረሰ። ስድስታችንን አየ፣ ወረቀቱን አየ። ሃያ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ ያገለገለ ሰው ያቺን ቁጥር በበሽተኛ ቤተሰብ ፊት ጠርቶ አያውቅምና ምላሱ አልታዘዘለትም። መጋረጃውን ቀስ አድርጎ አወረደና «ለጥቂት ጊዜ ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ሰቀለ። አልፈርድበትም፤ ምላስ ሲከዳ ምን እንደሚመስል ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። አምስቱ ቤተሰቦች ግን በዚያ ሳምንትም ያለ ብልቃጥ ወደ ቤታቸው ገቡ።

እንግዲህ የታዘዝኩት ይቅርታ ይኸው፤ አንዱንም አላስቀርም። በቀይ ቀለም ስለጻፍኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በቀይ የሰው ስም እንኳ እንደማይጻፍ እያወቅኩ ጥቁር ብዕር መያዝ ነበረብኝ። ብዕሬ ሰፋ ብሎ የአራቷ ጫፍ የኤሊዋን ጀርባ በመንካቱ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የአቶ ዬንን ጠዋት ስላበላሸሁበትም እንዲሁ፤ ለእሱ አንድ ሳህን ሾርባ ልኬለት ተቀብሎኛል፣ ሳህኑንም አጥቦ መልሷል። የታካሚዎችን መልካም ስሜት ስላወክሁ የሚለውን ግን ደጋግሜ አንብቤ ይቅርታ የምልበት ቦታ አጣሁበት፤ ምክንያቱም ምላሱ የሞተ፣ ቆዳው የተላጠና ፀጉሩ የረገፈ ሰው መልካም ስሜቱን የት እንዳስቀመጠው ፈልጌ ላገኘው አልቻልኩም።

የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ለሚመጣው ረቡዕ ብልቃጧ በስድስቱም ቤተሰቦች እጅ ትግባ። ቁጥሯ ካስፈራችዎት አይጥሯት። ዕድል ያለባት ስምንት ናትና «ስምንት» ይበሏት፤ ሰው ሁሉ ከሦስት ቀጥሎ ስምንት ሲያይ በእጥፍ ደስታ ይቀበላታል። «ሦስት ተኩል» ማለትም ይቻላል። ወይም ምንም ቁጥር ሳይሰጧት ኤሊዋ አፍ ውስጥ ብልቃጥ ይሣሉላት። ሥዕሉን ያለ ኮሚቴ መሣል ካልተቻለ ብዕሬን አውሳችኋለሁ። እኛ ስም አንመርጥም፤ አንገቷን የምንሰብራት ትንሽ መስታወት ትኑረን እንጂ።

ከወገቤ ዝቅ፣ ከድስቴ ቀና ብዬ፣ ለእርስዎና ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ እስከ ሦስተኛው ትውልድ፣ ቀጥሎም እስከ አምስተኛው ትውልድ የሚደርስ ዕድሜና ጤና እየተመኘሁ፣ የሮዙ ወረቀትዎ አድናቂ፣ የአንድ ማንኪያ ቀማሽ ሚስት፣ ታዛዥዎ፤

ፋን ሹሜይ
ከመቅደሱ በር ፊት ለፊት፣ በአራተኛው ወር፣ በአራተኛው ቀን፣ የአባቶቻችንን መቃብር በምንጠርግበት ሰሞን

ድኅረ ጽሑፍ፦ አቤቱታዬ ከሦስተኛ ወደ አምስተኛ እንደዘለለ አስተውለዋል? ካላስተዋሉ አይፈሩ፤ እኔም የእርስዎን ወረቀት አሥራ አንድ ሳምንት በእጄ ይዤ አላስተዋልኩም። አራተኛው ይኸው። መስኮቱ ፊት ቆማ በጣቷ ቆጥራ፣ «ልክ ነው፣ ይቅርታ አቶ ዬን» ብላ አመስግና የሄደችው እኔ ነኝ። ይህን ለባለቤቴ ተናዝዤለታለሁ፤ እሱም «ለዚህ ነው እንግዲህ ሾርባሽን ማመን የማልችለው» ብሎኛል። የአራተኛው ግማሽ የእኔ ነው፤ ፈርሜበታለሁ። ሌላውን ግማሽ ባዶ ትቼዋለሁ። ከትናንት ጀምሮ በሾርባ ቤቴ በሦስትና በአምስት መካከል አንድ ጠረጴዛ ጨምሬ፣ በዚያው ቀይ ብዕር ቁጥሩን ጽፌበታለሁ፤ እስካሁን ደፍሮ የተቀመጠበት ሰው የለም። ረቡዕ ብልቃጦቹን ካደሉ በኋላ ብቅ ይበሉ፤ ቦታው የእርስዎ ነው። ሾርባውን ባለቤቴ አስቀድሞ ይቀምስልዎታል፣ ምላሱ ተመልሷልና ስለ እርስዎም የሚሰማውን ፊት ለፊት ይነግርዎታል።